አጎቴ ከበቅሎ የወረደ ለት

ባለፈው የገበያ ቀን መተማ ላይ ደረቅ ወይካ፣ ያን የቆላ ባሚያ፣ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ መሬት ላይ ተክላ፣ ከሥሩ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ሳይ ሳቄ መጣ። ጃንጥላው ዳር ዳሩን የወርቅ ዘርፍ ነበረው፤ አሁን ግማሹ ተበጥሷል፣ ግማሹ እንደ ሽማግሌ ፍየል ጢም ተንጠልጥሏል፣ ከፋዩንም ፀሐይ በልቶት የታጠበ ጉበት መስሏል። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ከወይካው ሽታ ሥር የበቅሎ ላብ አለ፣ ከበቅሎው ላብ ሥር ደግሞ በዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ይቀባው የነበረ የጣልያን ሽቶ አለ። ሴትዮዋ ጃንጥላ የሚያሸት ጎረምሳ አይታ ስለማታውቅ ወይካዋን ወደ ጉያዋ ሰብሰብ አደረገች። ከየት አመጣሽው ብላት ጓንግ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተጥሎ አገኘሁት አለችኝ። የማን እንደነበረ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ብነግራት ታቃጥለዋለች፣ ካቃጠለችው ጥላ አይኖራትም፣ ለዚያ ሰው ሲባል ደግሞ አንዲት ሴት በቆላ ፀሐይ መጠበስ የለባትም።

ጃንጥላው የአጎቴ ነበር፤ የግራዝማች ቢምረው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ግራዝማች የምለው ምላሴ ለምዶት ነው እንጂ ማዕረጉን የሰጠው ጣልያን ነው፤ የጣልያን ማዕረግ ደግሞ እንደ ጣልያን ሳሙና ነው፣ አረፋው ብዙ ነው፣ ታጥበህ ስትጨርስ ግን ያው የድሮው እጅህ ነው። ስለሱ ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። ስሜ አበጀ ነው። ከመተማ እስከ ሽንፋ ከኔ የሚበልጥ ዋናተኛ፣ ከኔ የሚበልጥ ተኳሽ፣ ከኔ የሚበልጥ ውሸታም የለም ይባላል፤ ሁለቱ እውነት ነው፣ ሦስተኛው የምቀኞች ወሬ ነው። ትምህርቴ ከፊደል አልፎ መልእክተ ዮሐንስ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ደጃፉን ባንኳኳ የሚከፍትልኝ አጣሁና ጓንግ ወርጄ ዋኘሁ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እጄን ውቀሱት፣ ነገሩን ግን አትጠራጠሩ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ መምሬ ዋሴ ናቸው፣ የሰፈራችን የሚካኤል ቄስ። ትምህርት ቤታችን አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር። ጠዋት ከዛፉ በስተምዕራብ እንቀመጣለን፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላው ይዞራል፣ ጥላው ሲዞር እኛም ቂጣችንን አፈር ላይ እየጎተትን እንዞራለን፣ ወደ ማታ ከዛፉ በስተምሥራቅ ደርሰን ሀሁ ስንል እሱ ነው ሰዓታችን። የሮቃው ፍሬ ጭንቅላታችን ላይ ይወድቃል፣ እሱን ደብቀን ስንመጥ አፋችን ይኮማተራል፣ መምሬ ደግሞ አፉ የተኮማተረውን ልጅ መርጠው ረጅሙን ንባብ እሱን ያስነብቡታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ማሽላ አገዳ ንፋስ የሚያወዛውዛቸው ሰው ነበሩ። ንዳድ ከያዛቸው ዘመን የለውም፤ በየጊዜው ይነሳባቸዋል፣ ጋቢያቸውን ጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ ያስተምራሉ፣ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ፊደሉ ሁሉ ድርብ ይሆንብናል፣ እኔም ያንኑ እንደሰማሁት እየደገምኩ ጓደኞቼን በሳቅ እገድል ነበር።

ከሮቃው ፈንጠር ብሎ ድሮ ንጉሥ የወደቀበት ሜዳ አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የዛገ ጦር፣ ቀለህ፣ አንዳንዴም የሰው አጥንት ያወጣል። አንድ ቀን የክንድ አጥንት አግኝቼ እንደ ጎራዴ እያወዛወዝኩ ስመጣ መምሬ አዩኝ። ይመቱኛል ብዬ ትከሻዬን አዘጋጀሁ። አልመቱኝም። አጥንቱን ተቀብለው የማን ወገን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ የክርስቲያን ይሁን የደርቡሽ፣ ጉድጓድ አስቆፍረውኝ ቀበሩት፣ ከዚያ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ ንጉሥ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተረኛ ነው አሉ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ ተራ ማለት ለኔ የውሃ መቅጃ ተራ ነበር።

አጎቴ ግን ተራ የሚባል ነገር አይገባውም። ከአባቴ ጋር ከደምቢያ ወደዚህ ቆላ ሲወርዱ አባቴ ጫካ መንጥሮ ጥጥ ዘራ፣ እሱ ደግሞ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አባቴን እንዲህ አድርግ እያለ አዘዘ። አባቴ በንዳድ ሲሞት ማሳውን ወረሰና ድሮም የኔ ነበር አለ። ሰርግ ቤት ሲጠራ በሬው ሳይታረድ ብልቱን ይጠይቃል፤ ሽንጡ ለማን ነው፣ ታላቁ ለማን ነው ይላል፣ ለእሱ የማይገባው ብልት ከተሰጠው ጎራዴውን ይዞ ወጥቶ አጥር ሥር ይቆማል፣ አማላጅ ሄዶ እስኪመልሰው ድረስ ሰርገኛው ሁሉ ሳይበላ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ አማላጁ ረሳው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ጨፍሮ ሲበተን አጎቴ አጥር ሥር ቆሞ ተገኘ። እኔ በዚያ ሰርግ ላይ ስለሱ የገጠምኩት ግጥም እስከ ሸሕዲ ድረስ ተዘፍኗል፤ ለዚህ ነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዓይኔን ማየት የማይወደው።

ጣልያን በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ቋራ በረሃ ሲሸሽ አጎቴ ዶሮዎቹን አስሮ፣ እንቁላሉን በጭድ ጠቅልሎ ወደ መንገዱ ወጣ። ጣልያን ከካሚዮን ሳይወርድ አጎቴ መሬት ስሟል። በወሩ ግራዝማች ሆኖ ተመለሰ፤ በቅሎ፣ ጃንጥላ፣ ጠመንጃ የያዙ ጀሌዎች፣ ያን የሚያስነጥስ ሽቶም ጭምር። ቆላ ደግሞ በቅሎ አይወድም፤ ዝንቡ ነክሶ ገንዲ ያሲዛታል፣ ትከሳለች፣ ትሞታለች። አስተዋይ ሰው እዚህ አገር በአህያ ነው የሚሄደው። አጎቴ ግን ሹም በአህያ አይሄድም አለ። በቅሎዋ ስትሞት ሰፈሩ አዋጥቶ ሌላ ከደምቢያ ያስመጣለታል፣ እሷም ስትሞት ሌላ። አገር ምድሩ ማሽላውን እየሸጠ የበቅሎ ሬሳ ለጅብ ይገዛ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ጅቦቹ እንኳ ወፍረው መሮጥ አቅቷቸው ነበር፤ ይሄኛው ትንሽ ማጋነን ነው።

በቅሎው አልበቃውም። ሰው ሲሰግድለት ማየት አልበቃውም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ጠርቶ፣ የንስሐ አባቱ ናቸው፣ በቅዳሴ መካከል የንጉሥ ስም በሚጠራበት ቦታ የኔ ስም ይጠራልኝ አላቸው። ንጉሡ ባሕር ማዶ ነው፣ የጣልያኑን ንጉሥ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን አለሁ አለ። መምሬ ሳያመነቱ እሺ ስምህን እጠራለሁ አሉት። አጎቴ ፊቱ በራ። ነገር ግን ስለ ሕሙማን በሚጸለይበት ቦታ ነው የምጠራህ አሉት፤ እዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ ጠርቼሃለሁ፣ አሁንም አላቋረጥኩም አሉ። ይህን እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የምናገረው፤ ከቤተ ልሔሙ ኋላ ሆኜ የተረፈ ዳቦ እየበላሁ ነበር።

አጎቴ ሳቀ፣ የሳቀው ግን ከንፈሩ ብቻ ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ ትክክለኛው ነገር ወጣ። ተኔንቴው፣ መተማ የተቀመጠው ወጣት የጣልያን ሹም፣ የአበሻን ጥምቀት ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ነበር። አጎቴም ለተኔንቴው፣ እዚህ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን ታቦታቸውም በኔ ፊት ቆሞ እጅ ይነሳል ብሎ ጉራውን ነዛበት። ጉራ መንዛት የኔ ሙያ ነው፣ ስለዚህ ጉድለቱን አውቀዋለሁ፤ ጉራ የሚነዛው ማንም ሊያጣራው በማይችለው ነገር ላይ ነው። አጎቴ ግን በሚካኤል ላይ ነዛ። ከዚያ መምሬን አስጠርቶ ነገራቸው፦ ታቦቱ ከወንዝ ሲመለስ እኔ መንገድ ላይ በበቅሎ ሆኜ እቆያለሁ፣ አልወርድም፣ ጃንጥላዬንም አላጥፍም፣ ቆመህ በስሜ መርቀኸኝ ታልፋለህ፤ ይህን ካላደረግህ ቤተ ክርስቲያኑን የመንግሥት በቅሎ ማደሪያ አደርገዋለሁ፣ አንተንም ካሚዮን ላይ እጭንሃለሁ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ታቦት መንገድ ላይ ሲያልፍ ፈረሰኛ ይወርዳል፣ በቅሎኛ ይወርዳል፣ ጫማ ያለው ያወልቃል፣ ጃንጥላ የያዘ ያጥፋል። ንጉሥም ቢሆን ይወርዳል። በድርቅም በጦርነትም ይህ ቀርቶ አያውቅም፤ እዚያ ሜዳ ላይ የወደቀው ንጉሥ እንኳ ሚካኤል ሲያልፍ መሬት ረግጦ ነው የቆመው ይሉናል ሽማግሌዎቹ። ታቦት የተሸከመ ቄስ ደግሞ መቅደስ እስኪያስገባው ድረስ ማንንም አያናግርም። ታቦት ካልሄደ አልሄደም ነው፤ ቄሱን ገፍተህ አታስኬደውም፣ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ምን በደልን ብሎ በደሉን ይፈልጋል።

እናቴ ወደ ወንድሟ ሄደች። ታላቅ እህቱ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ቆማ ወንድምዓለም፣ ውረድ፣ ከበቅሎ እስከ መሬት ሩቅ አይደለም አለችው። እሱ ድንጋዩን አስጣላትና ጠላ አስቀድቶ ሰጣት፣ ስለ በቅሎው ግን መልስ አልሰጣትም። ወደ መምሬም ሄዳ አባቴ፣ ዘንድሮ በሌላ መንገድ ቢመለሱስ አለቻቸው። መምሬ መንገዱ የሚካኤል ነው፣ እኔ ልለውጠው አልችልም አሏት። እናቴ ያን ማታ እራት አልበላችም። የእሷን ድርሻ እኔ በላሁት፣ ሐዘን ምግብ ሲያስተርፍ ማባከን አልወድም።

ጥምቀት አለፈ፤ የሚካኤል ታቦት በማግስቱ በቃና ዘገሊላ ነው የሚመለሰው። ዲያቆናቱ ንዳድ ጥሏቸው ስለነበር የታቦቱን ድባብ፣ ትልቁን ጃንጥላ፣ የሚይዝ ጠፋና እኔ ተመረጥኩ። ለምን እኔ ብትሉ፣ ክንዴን ያየ አይጠይቅም። ድባቡ ከባድ ነው፣ ንፋስ ሲገባበት እንደ ወይፈን ይታገላል፣ እኔ ግን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ላቤን እጠርግ ነበር። የጓንግ ውሃ ቀንሶ ድንጋዩ ጀርባውን አውጥቷል፣ አሸዋው እግር ያቃጥላል፣ ከዳር ያለው የማሽላ ማሳ ተቆርጦ አገዳው ጉርድ ጉርዱን ቀርቷል፣ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው እልል ሲሉ ነጩ ልብስ ከአቧራው ጋር አንድ ላይ ይነሳል። መምሬ ታቦቱን ራሳቸው ላይ አድርገው ከፊቴ ይሄዳሉ። ከጠዋት ጀምሮ ንዳዱ ተነስቶባቸው እንደነበር እኔ ብቻ አውቃለሁ፤ ከኋላቸው ሆኜ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሲርገበገብ አየው ነበር። ሌላ ቄስ የለንም። እሳቸው ከወደቁ ታቦቱ ይወድቃል፣ እኔ ደግሞ እጄ ይደርቃል እንጂ ልይዘው አይፈቀድልኝም።

መንገዱ ከነጋዴው ከሐጅ ኢድሪስ ሱቅ አጠገብ ይጠባል። እዚያ ነበር አጎቴ የቆመው፣ በበቅሎ ላይ፣ በቀዩ ጃንጥላ ሥር፣ ጀሌዎቹ በግራና በቀኝ። ከጎኑ የተኔንቴው ካሚዮን፣ ተኔንቴው ከላዩ እንደ በርበሬ ቀልቶ። ሕዝቡ ሲያየው እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። መምሬ ሄዱ፣ ሄዱ፣ በቅሎዋ ስትተነፍስ ትንፋሿ ከሚሰማበት ቦታ ደርሰው ቆሙ። አልመረቁም። አላዩትም። ቆሙ።

መጀመሪያ ላይ አጎቴ ደስ አለው። በአስተርጓሚው በኩል ለተኔንቴው ይኸው፣ እጅ ሊነሱ ቆሙ፣ ፈቃዴን እየጠበቁ ነው አለው። ተኔንቴው ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆየና እንግዲያው ፍቀድላቸዋ አለ። አጎቴ እጁን አንስቶ እለፉ የሚል ምልክት ሰጠ። ማንም አልተነቃነቀም። ደግሞ አነሳ። ዝንብ የሚያባርር ነው የሚመስለው። ተኔንቴው ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ከጣልያን ያገኘሁት ብቸኛ ጥሩ ነገር ነው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የቆላ ፀሐይ ትቆማለች እንጂ አትሄድም። አሮጊቶቹ ተንበረከኩ፣ ከዚያ ጎልማሶቹ፣ ከዚያ ልጅ ያዘሉት። ሐጅ ኢድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ጉልበቱ አካባቢ በተቀደደ ጀላብያ፣ ባዶ እግራቸውን ወጡ፣ በቅል ውሃ ይዘው መምሬ እግር ሥር ያለውን የሚያቃጥል አፈር አረጠቡላቸው። ከዚያ ቀና ብለው አጎቴን አዩት።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ እስላሙ ጫማዬን አውልቄያለሁ። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

አጎቴ ጃንጥላውን ወደ ፊቱ ዘንበል አደረገ። ከጀሌዎቹ አንዱ ግን ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አፈሙዙን መሬት አስደገፈ። ሌላውም። መምሬ ይንቀጠቀጣሉ፤ የታቦቱ መጎናጸፊያ ጫፍ ሲርገፈገፍ ይታያል፣ ንፋስ ግን የለም። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ሊወድቁ ነው፣ አሁን ነው፣ አሁን ነው እላለሁ። ቀልድ የማያልቅብኝ ሰው አንዲት ቀልድ አጣሁ። እናቴን አየኋት፤ ወንድሟን ሳይሆን የመምሬን ጉልበት ነበር የምታየው፣ ልክ በዓይኗ ደግፋ እንደያዘችው።

ያኔ ተኔንቴው ከካሚዮኑ ወረደ። ለምን እንደወረደ አላውቅም፤ ምናልባት እናቱ ትዝ ብላው ይሆናል፣ ምናልባት ሙቀቱ ነው። ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በነሱ አገር እንደሚያደርጉት በተዘረጋ መዳፍ አማተበና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አጎቴ ይህን ሲያይ እንዴት እንደወረደ ልነግራችሁ አልችልም፤ በቅሎዋ ላይ የነበረ ሰው መሬት ላይ ተገኘ። በጥድፊያው እግሩ እርካቡ ላይ ተይዞ በአንድ እግሩ ዘለለ። ጃንጥላው ታጠፈ፣ ጫማው ወለቀ፣ እጁ ደረቱ ላይ። ሕዝቡ እፎይ አለ፣ አንዲት ሴት እልል ማለት ጀመረች፣ ከበሮው አንዴ ተመታ፣ እኔም ድባቡን ለመሄድ አዘነበልኩ።

መምሬ አልሄዱም። ታቦት ተሸክመው ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቃቸው ሰው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ ጥርሳቸውም አልተንገጫገጨም።

«ቢምረው፣ ለማን ወረድክ?»

ነገሩ ይህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የቆምነው ለዚህ ጥያቄ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አጎቴ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ፣ ለሚካኤል ቢል ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ይቅር ይለው ነበር፣ እኔ እንኳ ግጥሙን አቆም ነበር። አፉን ከፈተ። ታቦቱን አላየም። ተኔንቴውን አየ፣ ከተኔንቴው ቀጥሎ አስተርጓሚውን፣ አስተርጓሚው እያንዳንዷን ቃል ሊያቀብል ጆሮውን አቁሟል።

«ለመንግሥት» አለ አጎቴ።

«እንግዲያው ተመልሰህ ውጣ።»

ይህን ብለው መምሬ ፊታቸውን አዞሩና መንገዱን ለቀው ወደ ማሽላው ማሳ ገቡ። የተቆረጠ አገዳ ማለት የተሳለ ካስማ ማለት ነው፣ ባዶ እግር ይበሳል። ያን እሾህ በባዶ እግራቸው ረገጡት፣ እኔም ድባቡን ይዤ ተከተልኩ፣ ሕዝቡም ከኋላችን እንዳለ ተገልብጦ ገባ፣ አሮጊቶች፣ ልጆች፣ ሐጅ ኢድሪስ ሳይቀሩ እስከ ማሳው ድንበር ሸኙን። ዞር ብዬ ሳይ ጀሌዎቹ አንድ በአንድ መንገዱን እየለቀቁ ይመጣሉ። አጎቴ አንድ እጁን ኮርቻው ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ቢወጣ ለምን ወጣ ይባላል፣ ቢቆም ለማን ቆመ ይባላል። እንደዚያ እንደ ሰርጉ ለት፣ አማላጅ እንደሌለው ሰው። ታቦቱ ገባ። እግሬ ከታች እስከ ላይ ደም ነበር፣ አላመመኝም፤ በእናቴ ስም፣ ይሄኛው ማጋነን አይደለም። መምሬ መቅደሱን ዘግተው ወጡና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ከዚያም እንደ ልጅ ተጠቅልለው ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ካሚዮኑ መጣ። ንዳዳቸው ሳይለቃቸው በገመድ አስረው ጫኗቸው። እኛ ከበን ስንጮህ እሳቸው ሮቃው ሥር የተሰበሰቡትን ተማሪዎች በዓይናቸው ፈልገው ጥላው እየሄደባችሁ ነው፣ ዙሩ አሏቸው። ሸሕዲ ወሰዷቸው፣ ከሸሕዲ ወደየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እስር ቤት ንዳዱ ገደላቸው የሚል አለ፣ ሌላም የሚል አለ። መቃብራቸውን ፈልጌ አጣሁ፤ የደርቡሽ ይሁን የክርስቲያን ሳይለዩ የሰው አጥንት ይቀብሩ የነበሩ ሰው የራሳቸው አጥንት የትኛው ጎርፍ እንደሚያወጣው አይታወቅም። ቤተ ክርስቲያኑ አጎቴ እንዳለው የበቅሎ ማደሪያ ሆነ፣ በኋላም ተቃጠለ። ታቦቱን ግን አስቀድመው እናቴና ጥቂት ሽማግሌዎች በድብቅ ከገለጉ መንደር ቄስ አስመጥተው ወደ ዋሻ አሸሹት። እኔ ጠመንጃ ፍለጋ ወደ ቋራ ገባሁ፣ እዚያ የሠራሁትን ጀብዱ ሌላ ሰው ቢያወራው ይሻላል፣ እኔ ሳወራው ሰው አያምነኝም።

እንግሊዝ በገላባት በኩል መድፉን ሲያሰማ አጎቴ በአንድ ሌሊት አርበኛ ሆነ። ጣልያን የሰጠውን ጠመንጃ ይዞ ጣልያንን ከኋላ ተኮሰ፣ ሽቶውን ደፋ፣ ጃንጥላውን ጓንግ ዳር ጣለ። መንግሥት ሲመለስ እሱ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ምናልባትም ዶሮ ይዞ። አሁን እንደገና ሹም ነው። ያው በቅሎ፣ ያው ጀሌ፣ ልብሱ ብቻ የእንግሊዝ ካኪ። ሰው ሲያልፍ ይነሳለታል፣ እናቴም ትነሳለች፣ ጉልበቷ እያመማት።

ባለፈው የኅዳር ሚካኤል አዲሱ የሣር ቤተ ክርስቲያን ተመርቆ ታቦቱ ወጣ። አዲሱ ቄስ ከጎጃም የመጡ ለስላሳ ሰው ናቸው፣ አነጋገራቸው ደስ ይላል፣ የሆነውን ግን አያውቁም። አጎቴ ታቦቱ ገና ከበር ሳይወጣ፣ ከሩቅ፣ ማንም ሳይወርድ በፊት ከበቅሎው ወረደ። ለካኪው ሳይሳሳ አፈር ላይ ተደፋ፣ ሳመ፣ ደረቱን መታ፣ እንባም አፈሰሰ። አዳዲሶቹ ሹማምንት ያዩታል። አጠገቤ ያሉ ሴቶች ተመስገን፣ ሰው ይለወጣል ተባባሉ። እኔም ያን ጊዜ አልቻልኩም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ አጎቴ፣ ለማን ወረድክ አልኩት።

ፊቱ የሚጠቁር፣ ከበሮው የሚቆም፣ ሰው ሁሉ ያን ቀን የሚያስታውስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝና በፍቅር ፈገግ አለ።

«ለሚካኤል ነዋ፣ አንተ ቀልደኛ።»

ሰው ሳቀ። አበጀ ዛሬም አልተወውም ብለው ሳቁ፣ የሰርጉን ግጥም የሚያውቁት ደግሞ በጣም ሳቁ፣ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቃሉ ያው የመምሬ ቃል ነበር፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም። አዲሱ ቄስ ፊታቸውን ሳያዞሩ በፊታችን ሄዱ፣ ድባቡን የያዘው ልጅ ተከተላቸው፣ እልልታው ቀለጠ፣ ታቦቱም አልቆመም፣ አለፈ።